ደረጃውን ወደ ኋላ ይወርድ የነበረው ሰው

የሰውነት መወፈር በአገራችን ለብዙ ዘመን የደኅንነት ምልክት ሆኖ ኖሮአል። ለትምህርት ወይም ለሥራ ርቆ የቆየ ልጅ ጉንጩ ሞልቶ ወደ እናቱ ቤት ሲመለስ ጎረቤቱ ሁሉ ደስ ይለዋል፤ ከስቶ ቢመጣ ግን ምን አገኘው እየተባለ ይታዘንለታል። ይህም ልማድ ያለ ምክንያት አልመጣም። ረኀብ በተመላለሰበት አገር የሥጋ መሙላት እንደ ጸጋ ቢቆጠር የሚያስደንቅ አይደለም። በወላይታ የ1977 ዓ.ም.ን ረኀብ የሚያስታውሱ ሰዎች ዛሬም በመካከላችን ስላሉ፣ በእነርሱ ፊት ስለ መክሳት ጥቅም መናገር ቀልድ መስሎ ሊታይ ይችላል።

ሆኖም የኑሮው ሁኔታ ለብዙ ሰው ተለውጦአል። በሶዶ ከተማ በቢሮ የሚውለው ወጣት፣ አባቱ በእርሻው ላይ ያፈስሰው የነበረውን ላብ አያፈስስም። ጠዋት በባጃጅ ወደ ሥራው ይሄዳል፤ ቀኑን ሙሉ በወንበር ላይ ተቀምጦ ይውላል፤ ማታም ከጓደኞቹ ጋር ወደ ሥጋ ቤት ጎራ ይላል። ገበታው ግን ያው የአባቱ ገበታ ነው፤ እንዲያውም ቢራና ለስላሳ መጠጥ ተጨምሮበታል። ከዚህም የተነሣ ቀበቶው በየዓመቱ አንድ ቀዳዳ እየለቀቀ ይሄዳል። ያን ጊዜ ሁለት ጥያቄዎች ይመጡበታል። የመጀመሪያው፣ ክብደት ለመቀነስ የተጀመረው ነገር በሦስተኛው ሳምንት እንዳይቀር እንዴት ይዘለቃል የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ጉዳዩ በገዛ ራስ ብርታት የሚወጡት ነው ወይስ ሐኪም ዘንድ የሚያስሄድ ነው የሚል ነው።

እነዚህ ጥያቄዎች አዲስ አይደሉም። ከ160 ዓመት በፊት የኖረ አንድ የሎንዶን ነጋዴ በእነርሱ ሲጨነቅ ሠላሳ ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ መልሳቸውን አግኝቶአል። ስሙም ዊልያም ባንቲንግ ይባላል። ዛሬ የዚህን ሰው ታሪክ ለወጣቶች አንባቢዎቻችን ለማቅረብ አስበናል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ባንቲንግ የተወለደው በ1796 ነው። ቤተ ሰቡ በሎንዶን በሴንት ጄምስ መንገድ የቤት ዕቃ የሚሠራና የቀብር ሥነ ሥርዓት የሚያሰናዳ የታወቀ ድርጅት ነበረው። ይህም ድርጅት ተራ የንግድ ቤት አልነበረም። ንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ በ1820፣ ንጉሥ ጆርጅ አራተኛ በ1830 ባረፉ ጊዜ የቀብሩን ዝግጅት ያከናወነው ይኸው ድርጅት ነው። በ1852 ናፖሊዮንን ድል የነሣው የዌሊንግተን መስፍን ሲቀበር፣ እንዲሁም በ1861 መጨረሻ የንግሥት ቪክቶሪያ ባል ልዑል አልበርት ሲሞቱ ሥራው ለባንቲንግ ቤት ተሰጥቶአል። ንግሥት ቪክቶሪያ፣ አፄ ቴዎድሮስ በ1862 ያን ስመ ጥር ደብዳቤ የጻፉላቸው ናቸው። ያን ጊዜ ወላይታ ገና በገዛ ካዎዎቹ የሚተዳደር ራሱን የቻለ መንግሥት ነበር።

እንግዲህ ባንቲንግ ስንፍና የማያውቀው፣ ሥራውን በሥርዓት የሚያከናውን፣ በትልልቆቹ ዘንድ የታመነ ሰው ነበር ማለት ነው። አምሳ ዓመት ያህል በሥራ ሲተጋ ኖሮአል። በመብልም በመጠጥም ከልክ ያለፈ ሰው ተብሎ አልታወቀም። ከአባቱም ከእናቱም ወገን ወፍራም ዘመድ እንዳልነበረው ራሱ መስክሮአል። ይህን ነጥብ አንባቢ ልብ እንዲለው እንፈልጋለን። ብዙ ሰው ወፍራምን ሰው ባየ ጊዜ ሰነፍ ወይም ሆዳም ነው ብሎ ይፈርድበታል። የባንቲንግ ሕይወት ግን ይህን ፍርድ ሐሰት ያደርገዋል።

ውፍረቱ የጀመረው አርባ ዓመት ሳይሞላው ነው። ነገሩ ገና ሳይጠና ስለ ፈራው፣ ሐኪም ለሆነ አንድ ወዳጁ አማከረው። ወዳጁም ሰውነትህን በሥራ አድክም ብሎ መከረው። ባንቲንግ ይህን ሰምቶ ችላ አላለም። ከቤቱ አጠገብ ወንዝ ነበረና ከባድ ጀልባ አግኝቶ፣ በየማለዳው ሁለት ሰዓት ያህል ይቀዝፍ ጀመር። ክንዱ በረታ፤ ጡንቻው ጠነከረ፤ ነገር ግን የመብል ፍላጎቱ ከመቅዘፉ ጋር አብሮ አደገ። ቀዝፎ በመጣ ቁጥር አብዝቶ ስለሚበላ፣ ክብደቱ በመቀነስ ፈንታ ጨመረ። በመጨረሻም ያው ወዳጁ ተወው አለውና ተወው።

ከዚያ በኋላ ያልሞከረው ነገር የለም ለማለት ይቻላል። በባሕር ዳርቻ ተቀመጠ፤ በባሕር ውሃ ታጠበ፤ በእግሩ ተጓዘ፤ በፈረስ ተቀመጠ። ልሚንግተን፣ ቸልተናምና ሃሮጌት ወደሚባሉት የማዕድን ውሃ ወደሚፈልቅባቸው ከተማዎች እየሄደ፣ እኛ ወደ ፍል ውሃ እንደምንሄደው፣ ጤና ፈለገ። የመድኃኒቱ ብዛት በጠርሙስ ሳይሆን በጋን የሚቆጠር ነበር። ለመብሉ በቀን ስድስት ፔንስ ብቻ እያወጣ የኖረበትም ጊዜ አለ። ዘጠና ጊዜ ያህል በቱርክ የእንፋሎት መታጠቢያ ገብቶ በላብ ተጠመቀ፤ ከዚህ ሁሉ ያተረፈው ሦስት ኪሎ የማይሞላ ቅናሽ ነው። አንድ ጊዜ መብሉን ከልክ በላይ ቢያጎድል ሰውነቱ ደክሞ ትልልቅ እባጭ ወጣበት፤ በቀዶ ሕክምና ዳነ፤ ለማገገም ሲባልም ተመገበና ከቀድሞው የባሰ ወፈረ። በሃያ ዓመት ውስጥ ሃያ ጊዜ ያህል ለዚሁ ጉዳይ በሐኪም እጅ ወድቆአል።

ሐኪሞቹስ ምን አደረጉለት? እዚህ ላይ ያለው ታሪክ ያሳዝናል። ብዙዎቹ የውፍረቱን ነገር እንደ በሽታ አልቆጠሩትም። በዘመኑ እጅግ የተከበረ አንድ ሐኪም፣ ሰው ዕድሜው ሲገፋ መወፈሩ የተፈጥሮ ነገር እንደ ሆነ፣ እርሱም ራሱ ከጎልማሳነቱ ጀምሮ በየዓመቱ ግማሽ ኪሎ ያህል እየጨመረ እንደ መጣ ነግሮ አሰናበተው። ሌላው እንቅስቃሴ አብዛ ይለዋል፤ ሌላው መድኃኒት ይጨምርለታል። በምን ምክንያት እንደ ወፈረ፣ በየቀኑ ምን እንደሚበላ ጠንቅቆ የጠየቀው አልተገኘም።

በዚህ መካከል ዓመቱ አለፈ፤ ባንቲንግም ስድሳ ስድስት ዓመት ሊሞላው ተቃረበ። ቁመቱ 165 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ ክብደቱ 92 ኪሎ ግራም ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ለማሰር አይችልም ነበር። ደረጃ ሲወጣ ትንፋሹ ይቆራረጣል። ሲወርድ ደግሞ ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ የሰውነቱን ክብደት መሸከም ስለ ተሳናቸው፣ ፊቱን ወደ ላይ አዙሮ፣ እንደ ሕፃን ልጅ ወደ ኋላው ቀስ እያለ ይወርድ ነበር። ጉልበቱን በጨርቅ ይጠቀልላል፤ በእምብርቱ በኩል ሆድ ዕቃው ገፍቶ ይወጣ ስለ ነበር በመታጠቂያ ያስረዋል። ዓይኑ ደክሞአል፤ ጆሮውም መስማት እየተወ ሄዶአል።

ከሕመሙ ሁሉ የከበደው ግን የሰው አፍ ነበር። ሕዝብ በተሰበሰበበት ቦታ ወይም በሕዝብ ማመላለሻ ሠረገላ ላይ ሲወጣ፣ የሚያየው ሰው ይጠቃቀስበታል፤ አንዳንዱም እየሰማው ይሣለቅበታል። ስለዚህ ሰው ወዳለበት መሄድን ተወ። በነገሥታት ቀብር ላይ ቆሞ ሥራ ያዘዘ ሰው፣ አውቶቡስ መሳፈርን ፈራ። እኛም ይህን ስናነብ የምናስበው በየመሥሪያ ቤታችን ስለ ሰው ሆድ የሚነገረውን ቀልድ ነው። ቀልዱ ለተናጋሪው የደቂቃ ሣቅ ነው፤ ለሚቀለድበት ሰው ግን ከሐኪም ቤት የሚያስቀር እፍረት ሊሆንበት ይችላል።

በኦገስት 1862 የባንቲንግ መስማት እየባሰ ሄደ። እርሱም የጆሮ ሐኪም ፍለጋ ወጣ። የሚፈልገው ሐኪም ለዕረፍት ሄዶ ስለ ነበር አላገኘውም፤ በምትኩ ዊልያም ሃርቪ ወደሚባል ሌላ የጆሮ ሐኪም ዘንድ ደረሰ። ይህ ሰው በአሥራ ሰባተኛው ምዕተ ዓመት የደምን ዝውውር የገለጸው ታላቁ ሃርቪ አይደለም፤ የስም ሞክሼው ነው። ባንቲንግ የሄደው ስለ ጆሮው ነበር እንጂ ስለ ውፍረቱ አልነበረም። ሃርቪ ግን ጆሮውን ከመረመረ በኋላ፣ የመስማቱን ችግር ያመጣው የሰውነቱ ስብ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ገመተ፤ ከዚያም ሌሎቹ ያልጠየቁትን ጠየቀ። ጠዋት ምን ትበላለህ፣ ቀንስ ምን ትጠጣለህ ብሎ የገበታውን ዝርዝር አወጣው።

ሃርቪ ይህን የጠየቀው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከዚያ በፊት በፓሪስ ክሎድ በርናር የሚባለው ታላቅ የሳይንስ ሊቅ ስለ ጉበትና ስለ ስኳር በሽታ ያስተማረውን ሰምቶአል። ጉበት በሰውነት ውስጥ ስኳር እንደሚሠራ የገለጸው ይኸው በርናር ነው። ሃርቪም ከትምህርቱ ተነሥቶ የራሱን አሳብ አዳበረ። ጣፋጭና የዱቄት ምግብ ከብትን ለማድለብ የሚረዳ ከሆነ፣ ሰውንም ቢያደልብ ምን ይገርማል ብሎ አሰበ። ይህ አሳብ ለወላይታ ገበሬ እንግዳ አይሆንበትም። ለጊፋታ የሚታረደውን በሬ ሲያደልብ በቆሎና ስኳር ድንች አብዝቶ የሚሰጠው ስብ እንደሚያወጣለት አውቆ ነው።

የሃርቪ ትእዛዝ ቀላል ነበር። ባንቲንግ እስከዚያ ጊዜ ድረስ ያለ ጥርጥር ይበላቸው የነበሩትን ዳቦ፣ ቅቤ፣ ወተት፣ ስኳር፣ ቢራና ድንች እንዲተው አዘዘው። በእነርሱ ምትክ ሥጋ፣ ዓሣ፣ ከድንች በቀር ማናቸውንም አትክልት፣ ፍራፍሬና ስኳር የሌለው ሻይ ፈቀደለት። መጠኑም ተወስኖአል። ለቁርስ የሚበላው ሥጋ ከ110 እስከ 140 ግራም ያህል ነው፤ ዳቦውም ተጠብሶ የደረቀ አንዲት ቁራሽ ብቻ ናት። በሶዶ ሥጋ ቤት አንድ ሰው ብቻውን አዝዞ የሚጨርሰው አንድ ኪሎ ቁርጥ፣ ለባንቲንግ ሰባት ቁርስ በበቃው ነበር። ስለዚህ ባንቲንግ ሥጋ እየበላ ከሳ ሲባል የሰማ ሰው፣ ሥጋው በሚዛን ይመዘን እንደ ነበር አይርሳ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። ባንቲንግ ከዚያ በፊት ሃያ ጊዜ ጀምሮ ሃያ ጊዜ አቋርጦአል። በዚህ ጊዜ ግን ዘለቀ። ስለ ምን ዘለቀ? ጠባዩ በስድሳ ስድስት ዓመቱ አልተለወጠም፤ ብርታቱም ድሮ ሁለት ሰዓት በማለዳ ከቀዘፈው ሰው ብርታት አይበልጥም። ልዩነቱ በሦስት ነገር ላይ ነው።

አንደኛው፣ የታዘዘለት ነገር አላስራበውም። በልቶ ይጠግባል፤ ሌሊት ይተኛል፤ ጉልበቱም አልደከመም። የቀድሞዎቹ ዘዴዎች ከሰውነቱ ጋር ያጣሉት ነበር፤ ይህኛው ግን አብሮት የሚኖር ሆነ። ሁለተኛው፣ የሚመለከተው ሐኪም ነበረው፤ ምክሩን ሰምቶ ሲመለስ ውጤቱን የሚያሳየው ሰው አገኘ ማለት ነው። ሦስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው፣ ነገሩን በሚዛንና በጽሕፈት ያዘው። በየቀኑ ሚዛን ላይ እየወጣ አልተሸበረም። በየሦስት ሳምንቱ አንድ ጊዜ ተመዝኖ ይጽፍ ነበር። በኦገስት 1862 መጨረሻ 92 ኪሎ ገደማ የነበረው ሰው፣ የፈረንጆች ገና ሲደርስ ወደ 83 ኪሎ ወርዶ ነበር። በሴፕቴምበር 1863 ሲመዘን 71 ኪሎ ያህል ሆነ። ወገቡም 31 ሳንቲ ሜትር ያህል ጠበበ።

በዓመት ውስጥ የቀነሰው 21 ኪሎ ነው። በሳምንት ቢካፈል ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ይህ ቁጥር ለሚቸኩል ወጣት በጣም ትንሽ መስሎ ሊታየው ይችላል። ነገር ግን በሶዶ ቀበሌዎች ውሃ ሲጠፋ በሃያ ሊትር ጀሪካን ውሃ የተሸከመ ሁሉ 21 ኪሎ ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቃል። ባንቲንግ ያን ሙሉ ጀሪካን ከነ ጭማሪው ሌሊትና ቀን፣ ተኝቶም ቆሞም፣ ደረጃ ሲወጣም ሲወርድም ተሸክሞት ኖሮአል። በየሳምንቱ ከጀሪካኑ በትንሽ ጣሳ እየቀነሰ፣ በዓመቱ አራግፎ ጨረሰው።

ሰውነቱ ከቀለለ በኋላ ደረጃውን እንደ ማንኛውም ሰው ፊቱን ወደ ፊት አድርጎ ይወርድ ጀመር። ጫማውን ራሱ አሰረ። የጉልበቱን ጨርቅ ጣለ። መስማቱም ተሻለው። ደስታው እጅግ ከመብዛቱ የተነሣ በ1863 ስለ ውፍረት ለሕዝብ የተጻፈ ደብዳቤ የሚል ትርጉም ያለው ትንሽ መጽሐፍ በራሱ ገንዘብ አሳትሞ በነፃ አደለ። ፈላጊው ሲበዛ በኋላ በገንዘብ ተሸጠ፤ ትርፉንም ለበጎ አድራጎት ሰጠው። ያች ትንሽ መጽሐፍ በአሥር ሺዎች ተሠራጨች። በእንግሊዝኛ የእርሱ ስም ክብደት መቀነስ የሚል ግሥ ሆኖ ለብዙ ጊዜ አገልግሎአል፤ በስዊድን ቋንቋ እስከ ዛሬ ድረስ ክብደት መቀነስ ባንታ ይባላል።

የሕክምና ማኅበር ግን በደስታ አልተቀበለውም። የሕክምና መጽሔቶች፣ የሬሳ ሣጥን የሚሠራ ሰው በሐኪም ሥራ ምን አገባው በሚል መንፈስ ጻፉበት። ከትችታቸው ውስጥ ከፊሉ ትዕቢት ነበር፤ ከፊሉ ግን እውነት አለው። ለአንድ ሰው የረዳ ምግብ ለሁሉ ይረዳል ለማለት አይቻልም፤ ሃርቪ የመሠረተው የሳይንስ ማስረጃም ሙሉ አልነበረም። በተጨማሪም የባንቲንግ ገበታ በየቀኑ ብዙ ብርጭቆ ወይን ጠጅ ይዞ ነበር፤ ይህን ዛሬ የሚመክር ሐኪም አይገኝም።

ባንቲንግ ክብደቱን ከቀነሰ በኋላም መዝገቡን አልዘጋም። እንደ ገና ስኳር ሲጨምር ክብደቱ ወዲያው እንደሚመለስ በሚዛኑ ላይ እያየ፣ የትኛው ምግብ ለእርሱ እንደሚከብደው ራሱን መረመረ። በዚህ ዓይነት አሥራ አምስት ዓመት ያህል በጤና ኖሮ፣ በማርች 1878 በሰማንያ አንድ ዓመቱ በሎንዶን አረፈ። ለነገሥታት ሬሳ ሣጥን ሲያዘጋጅ የኖረው ሰው ለራሱ ዕድሜ ጨመረ ቢባል ውሸት አይሆንም።

ከዚህ ታሪክ ለዛሬው ወጣት የሚጠቅመው ምንድን ነው? ውፍረት ዛሬ የጥቂት ነጋዴዎች ችግር መሆኑ ቀርቶአል። በ1 ሺህ 800ዎቹ የባንቲንግ ዓይነት ሰው ለመሣለቂያ የሚበቃ ብርቅ ነበር፤ በ2022 ግን በዓለም ከአንድ ቢሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ከልክ ያለፈ ውፍረት እንዳለበት ተቆጥሮአል። ከስኳር በሽታ፣ ከደም ግፊት፣ ከልብ ሕመምና ከጉልበት ሕመም ጋር ያለውም ግንኙነት ተረጋግጦአል።

የመለኪያው ዘዴ ለማንም የቀለለ ነው። ክብደት በኪሎ ግራም ተይዞ፣ በሜትር የተለካው ቁመት በራሱ ተባዝቶ በሚገኘው ቁጥር ይካፈላል። ውጤቱ 25 ከሆነ ወይም ካለፈ ክብደቱ ከልክ በላይ ነው፤ 30 ከደረሰ ደግሞ ሐኪም የሚያስፈልገው ውፍረት ነው። የባንቲንግ ቁጥር ሲጀምር ወደ 34 የሚጠጋ ነበር፤ ሲጨርስ 26 ሆነ። እንግዲህ ሕይወቱን የለወጠው ሰው እንኳ በዛሬው መለኪያ ከልኩ ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር። ፍጹም መሆን አላስፈለገውም። ዛሬ ሐኪሞች እንደሚያስተምሩት፣ አንድ ሰው ከክብደቱ ከመቶ አምስት እስከ አሥር እጅ ቢቀንስ የደም ግፊቱና በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ይሻሻላል። 90 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ ከአራት ኪሎ ተኩል እስከ ዘጠኝ ኪሎ ነው።

መዝለቅን በተመለከተ ደግሞ ወላይታ ከሎንዶን የሚበደረው ምንም የለም። የጊፋታ በዓል በመስከረም ሲደርስ በሬ የሚገዛው በበዓሉ ዋዜማ በድንገት በሚገኝ ገንዘብ አይደለም። ወንዶቹ ለበሬው፣ ሴቶቹም ለቅቤው ዓመቱን ሙሉ በቡድን ሆነው በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ያጠራቅማሉ። ገንዘብ ያዥ አላቸው፤ መዝገብም አላቸው። አንድ አባል በአንድ ሳምንት ቢጎድልበት በሚቀጥለው ይከፍላል እንጂ ማኅበሩን አፍርሶ አይሄድም። ክብደት መቀነስም እንደዚሁ ቢያዝ ይጠቅማል። ሦስት አራት የመሥሪያ ቤት ጓደኛሞች ተስማምተው በእግራቸው ወደ ሥራ ቢሄዱ፣ በእሑድ ማለዳ የዳሞታን ተራራ ዳገት አብረው ቢወጡ፣ በየሦስት ሳምንቱ ተመዝነው ቢጽፉ፣ አንዱ ሲደክም ሌላው ይጎትተዋል። በገና ወይም በሠርግ ከልክ በላይ የበላ ሰው አንድ መዋጮ ጎደለበት ማለት ነው፤ ዓመቱ አልጠፋበትም።

የአገር ምግብንም መናቅ አያስፈልግም። ጎመን የበዛበት ኩርኩፋ መልካም ምግብ ነው። ጥንቃቄ የሚያሻው በሙቹዋ ላይ በሚፈስሰው ቅቤ መጠን፣ በሻይ ውስጥ በሚጨመረው ስኳር፣ በየማታው በሚደጋገመው ቢራና በቁርጡ ሚዛን ላይ ነው። ለእንግዳ ክብር ሲባል በልተህ ጨርስ እየተባለ የሚደረገው ግፊትም እንዲሁ ሊታሰብበት ይገባል።

ሐኪም ዘንድ የመሄዱ ጉዳይ ግን ከዚህ የተለየ ምክር ያስፈልገዋል። ባንቲንግ የተሳሳተው ሐኪም በመጠየቁ አልነበረም፤ ያለ ምርመራ የተሰጠውን መልስ እንደ መጨረሻ ፍርድ ተቀብሎ ለብዙ ዓመት መኖሩ ነው የጎዳው። ቁጥሩ 30 የደረሰ ሰው፣ ጥቂት ሲራመድ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ እግሩ የሚያብጥበት፣ ውሃ ጥም የሚበዛበትና ሽንት የሚያመላልሰው፣ ሌሊት በማንኮራፋት መካከል ትንፋሹ እየተቋረጠ ቀን በሥራው ላይ የሚያንቀላፋ ሰው ወደ ሐኪም ለመሄድ ቀን አይቅጠር። አመጋገቡን ሳይለውጥ በጥቂት ወር ውስጥ በጣም የወፈረ፣ ወይም ሳያስብ የከሳ ሰውም እንዲሁ። የአንገት ዕጢ ሥራውን ሲቀንስ ሰው ይወፍራል፤ አንዳንድ መድኃኒትም ያወፍራል፤ ይህን በሶምሶማ ሩጫ ለማወቅ አይቻልም። ለስኳር በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ሰው መብሉን ከማጉደሉ ወይም ከመጾሙ በፊት ሐኪሙን ያማክር። ሌላውም ሰው ሦስት ወር ያህል በቅንነት ሞክሮ ሚዛኑ ካልተንቀሳቀሰለት፣ ወይም ከሐዘንና ከጭንቀት የተነሣ ተደብቆ እየበላ ካስቸገረው፣ ምክር መጠየቁ ብርታት ነው ብለን እናምናለን።

በገበያና በየስልኩ ማስታወቂያ የሚሸጠውን የማክሻ ሻይና ክኒን ግን አንመክርም። በቅርብ ዓመታት ረኀብን የሚቀንሱ፣ በምርመራ የተረጋገጡ መድኃኒቶች መጥተዋል፤ ሆኖም እነርሱም ሐኪም አይቶ የሚያዝዛቸው እንጂ ጓደኛ ለጓደኛ የሚሰጣቸው አይደሉም። በሶዶ ኦቶና በሚል ስም የሚታወቀው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፣ እንዲሁም የሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታል አሉ። ስለ ውፍረቱ ብቻ መሄድን የሚያፍር ሰው ስለ ጉልበቱ ወይም ስለ ራስ ምታቱ ብሎ ይሂድ፤ ባንቲንግ በጆሮው ምክንያት ገብቶ ነው የዳነው። ከገባ በኋላ ግን ዋናውን ነገር ሳይናገር እንዳይወጣ፤ በየቀኑ የሚበላውንና የሚጠጣውን በወረቀት ጽፎ ቢይዝ ለሐኪሙም ሥራ ያቀልለታል። የመጀመሪያው ሐኪም ችላ ቢለው ሁለተኛውን ይጠይቅ።

ባንቲንግ ሃርቪን ያገኘው ስድሳ ስድስት ዓመት ሊሞላው ሲል ነው፤ በአርባው አግኝቶት ቢሆን ኖሮ ሃያ ስድስት ዓመት ያህል ጀሪካኑን ባልተሸከመ ነበር። ይህን ጽሑፍ የሚያነብ የሃያ አምስት ወይም የሠላሳ ዓመት ወጣት ግን ያ ጊዜ ገና በእጁ አለ። በዚህ ሳምንት ሚዛን ላይ ይውጣና ቁጥሩን ከነ ቀኑ ይጻፈው፤ ከሦስት ሳምንት በኋላም ተመልሶ ይመዘን።